ፍለሽኦል ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ተመካክረው የተላኩ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ካሽ ናቸው (ገንዘቡ አይደለም፤ ፕሮግራም ቶሎ መልሶ እንዲያገኘው ዳታ ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው)፤ አብዛኞቹ ደግሞ ብዙ ሰው የሚጋራው ሰርቨር ላይ የተፈጠሩ ጣጣዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ሌሎቹ አጠር ይላሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ስድስት ዴቨሎፐሮች ነን። ሁላችንም የምንሠራው አንድ የዴቨሎፕመንት ሰርቨር ላይ ነው፤ ኡቡንቱ ነው፣ 16 ጊጋ ሜሞሪ አለው። እያንዳንዳችን የራሳችን አካውንትና የራሳችን የፕሮጀክት ኮፒ አለን። ለካሽ ብዬ አንድ ሬዲስ (ዳታን ሜሞሪ ላይ የሚይዝ ፕሮግራም) ጫንኩ። እንዳንጋጭ ብዬም ለየሰዉ የዳታቤዝ ቁጥር አደልኩ፤ ለአንዱ 1፣ ለሌላው 2 እያልኩ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ የራሱን ካሽ ሊያጸዳ ፍለሽኦል አለና የሁላችንም ተጠረገ፤ ሴሽናችንም እዚያው ስለነበር ሁላችንም ሎግ አውት ሆንን። ከዚያ በፊት ደግሞ በሴለሪ (ሥራን ወረፋ አስይዞ ከጀርባ በሚያስፈጽመው ፕሮግራም) የምልካቸው ኢሜይሎች አንዳንዴ ይደርሳሉ፣ አንዳንዴ ውኃ ይበላቸዋል። ሁለት ቀን ፈለግኩ፣ የኔ ሎግ ውስጥ ምንም የለም። ጥፋቱ የልጁ ነው የኔ? እንዴትስ ላስተካክለው?

መልስ፦ ልጁን ተወው። ፍለሽኦል «ሁሉንም ጥረግ» ማለት ነው፤ ሬዲስም የተባለውን አደረገ። የራሱን ዳታቤዝ ብቻ ማጽዳት ከፈለገ ፍለሽዲቢ ማለት ነበረበት። ሁለቱ ትዕዛዞች የሚለያዩት ግን መጨረሻቸው ላይ ባሉት ፊደላት ብቻ ነው፣ ሬዲስም «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሁለት ተርሚናል ጎን ለጎን ከፍቼ፣ ላፕቶፔ ላይ ያለሁ መስሎኝ የጋራው ሰርቨር ላይ ጻፍኩት። «ኦኬ» አለኝ። ከጀርባዬ የተቀመጠው ልጅ «እንዴ፣ አስወጣኝ እኮ!» ሲል ነው የገባኝ። ለሩብ ሰዓት ያህል እኔም እንደ ሰዉ «ምን ሆኖ ነው?» እያልኩ አብሬ ስፈልግ ነበር።

ጥፋት ካለ፣ ያለው የዳታቤዝ ቁጥሩን ማመንህ ላይ ነው። በዚህ ብቻህን አይደለህም። ሬዲስ ሲጫን ከ0 እስከ 15 የተቆጠሩ 16 ዳታቤዞች ይዞ ይመጣል፤ ሰው ሲያያቸው «አሃ፣ ለየሰዉ አንድ አንድ» ይላል። ቁጥሮቹ የሚለዩት ግን የቁልፎቹን፣ ማለትም ዳታው የሚጠራባቸውን፣ ስም ብቻ ነው። አንተ 1 ውስጥ፣ እሱ 2 ውስጥ «ዩዘር» የሚል ቁልፍ ብታስቀምጡ አትጋጩም። ጥቅማቸው እዚህ ላይ አበቃ። ሜሞሪው የጋራ ነው። ፓስወርዱ የጋራ ነው። ኮንፊጉም የጋራ ነው። ትዕዛዞቹን ተራ በተራ የሚፈጽመውም አንድ ትሬድ ስለሆነ፣ አንዱ ሰው ሚሊዮን ቁልፍ አከማችቶ ኪስ በሚለው ትዕዛዝ «ሁሉንም ዘርዝርልኝ» ሲል፣ ለእሱ ተዘርዝሮ እስኪያልቅ ሌሎቻችሁ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። (ለዚህ ሥራ ስካን አለ፤ በትንሽ በትንሹ እየቆረሰ ነው የሚያመጣው።) ፐብሰብማ (በቻናል መልእክት መላላኪያው) ጭራሽ ቁጥሩን አያውቀውም። ዳታቤዝ 1 ላይ ሆነህ የላክኸውን መልእክት፣ የቻናሉ ስም አንድ ከሆነ፣ ዳታቤዝ 7 ላይ ያለው ሰው ይሰማዋል።

አሁን ወደ ኢሜይሉ። ሁለት ቀን ፈልገህ ማጣትህ አልገረመኝም፣ ምክንያቱም የፈለግኸው የራስህ ቤት ውስጥ ነው። የካሹ አድራሻ በፕሮጀክቱ ሴቲንግ ውስጥ አንድ መስመር ነው፤ የሴለሪ ብሮከር (የሥራው ወረፋ የሚቀመጥበት፣ እዚህ ሬዲሱ ራሱ) አድራሻ ደግሞ ሌላ መስመር ነው። አንተ ቁጥር ያደልኸው ለካሹ ይመስለኛል። የብሮከሩ አድራሻ መጨረሻ ላይ ቁጥር ካልተጻፈ 0 ነው የሚሆነው፣ ለስድስታችሁም። ሴለሪም ካልነገርከው በስተቀር ወረፋውን «ሴለሪ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ይህም ለስድስታችሁም። ስለዚህ አንተ ወረፋው ላይ የጣልከውን ሥራ ቀድሞ የደረሰ ወርከር (ከወረፋው ሥራ እያነሳ የሚፈጽም ፕሮሰስ) ያነሳዋል፣ የማንም ይሁን። ኢሜይሉ አልጠፋም እኮ። ጓደኛህ ኮፒ ላይ፣ ምናልባትም ሦስት ሳምንት ያልታደሰ ኮድ ባለው ወርከር ላይ ሄዶ ወድቋል፣ ኤረሩም እሱ ሎግ ውስጥ ተኝቷል። እሱም «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብሎ አልፎታል።

ይህን በሁለት ደቂቃ ታረጋግጣለህ። ሬዲስ ሲኤልአይ (የሬዲስ ትዕዛዝ መስጫው) ውስጥ ገብተህ ክላየንት ሊስት በል። ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ረጅም መስመር ይወጣል፤ ውስጡ የተገናኘው ፕሮግራም አድራሻና ፖርት፣ የዳታቤዙ ቁጥርና መጨረሻ ላይ ያዘዘው ትዕዛዝ አለ። ዳታቤዛቸው 0፣ ትዕዛዛቸው ቢአርፖፕ የሆኑትን ቁጠር። ቢአርፖፕ ማለት «ወረፋው ላይ የሆነ ነገር እስኪመጣ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ» ማለት ነው። ያንተ ወርከር አንድ ሆኖ የሚጠብቁት አምስት ከሆኑ፣ በቃ፣ አራት ተሻሚ አለህ። የፖርት ቁጥሩን ይዘህ በሱዶ ኤስኤስ የሚለውን ትዕዛዝ ብትሰጥ የማን ፕሮሰስ እንደሆነም ያወጣልሃል።

እና ምን ይሻላል? ለየሰዉ የራሱን ሬዲስ ስጠው። ቁጥር አይደለም፤ ሙሉ የራሱን ፕሮሰስ። «ስድስት ሬዲስ? ሜሞሪውስ?» ትለኝ ይሆናል። ባዶ ሬዲስ የሚይዘው ጥቂት ሜጋባይት ነው። ለእያንዳንዱ 100 ሜጋ ጣሪያ ብታበጅለት፣ ስድስቱም ጢም ብለው ቢሞሉ 600 ሜጋ ነው፤ ትንሽ ቢያልፍ እንኳ ከ16 ጊጋ ላይ አይታወቅም። ዋናው ጣሪያውን አለመርሳት ነው። ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ ሬዲስ ካልነገርከው ጣሪያ የለውም፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ሰርቨሩ ሜሞሪ ሲያልቅበት ደግሞ ሊኑክስ ራሱ አንዱን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል፤ የሚመርጠውም የግድ ጥፋተኛውን አይደለም። ካሹ አብጦ ፖስትግሬስ (ዋናው ዳታቤዝ) ሲሞት ያየ ያውቀዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሆም ፎልደሩ ውስጥ አጭር ኮንፊግ ፋይል ይኑረው። ፖርቱን 0 በለው፤ «በኔትወርክ ማንንም አትስማ» ማለት ነው። በምትኩ ዩኒክስሶኬት በሚለው መስመር እዚያው ሆም ውስጥ የፋይል አድራሻ ስጠው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት አይደለም፤ አንድ ማሽን ላይ ያሉ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት ፋይል ነው። ዩኒክስሶኬትፐርም የሚለውን ደግሞ 700 አድርገው። ይህን ስታደርግ የጥበቃውን ሥራ ሊኑክስ ራሱ ወሰደልህ፤ ያንተን ሶኬት ካንተና ከሩት (ከሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ) በቀር ማንም አይከፍተውም። ፓስወርድ ማስታወስ የለ፣ «የኔ ፖርት ስንት ነበር?» የለ። ፍለሽኦል ያለ ሰውም የሚጠርገው የራሱን ጓዳ ነው።

ከዚያ ማክስሜሞሪ 100 ሜጋ፣ የማክስሜሞሪ ፖሊሲውን ደግሞ ኦልኪስ ኤልአርዩ በለው፤ «ሲሞላ ብዙ ጊዜ ያልተነካውን ቁልፍ ጣል» ማለት ነው። ፖሊሲውን ዝም ካልከው ሬዲስ ሲሞላ አሮጌውን አይጥልም፤ አዲስ የሚጻፈውን በኤረር ይመልሳል። ለካሽ የምትፈልገው ተቃራኒውን ነው። ሴቭ የሚለውንም፣ ዳታውን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠውን፣ ባዶ አድርገው። የዴቨሎፕመንት ካሽ ዲስክ ላይ ምን ይሠራል? ካልዘጋኸው ደግሞ አንድ ቀን ዲስኩ ይሞላና ሬዲስ «ሚስኮንፍ» የሚል ኤረር እያወጣ አልጽፍም ይላል፤ ያን ቀን ግማሹ ሰው ካሹን ሪስታርት ሲያደርግ ይውላል እንጂ ዲስኩን የሚያይ የለም።

ሁለት ወጥመዶች ልጠቁምህ። የሶኬት ፋይሉ ሙሉ አድራሻ ሊኑክስ ላይ 108 ባይት ገደማ ላይ ያበቃለታል፤ ፎልደር በፎልደር እያልክ ረጅም መንገድ ከሰጠኸው አልነሳም ይላል። ሁለተኛው፣ ሬዲሱን በየተጠቃሚው የሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳና የሚከታተል) ሰርቪስ አድርገህ ብታስነሳው ጥሩ ነው፣ ግን ሰውየው ከሰርቨሩ ሲወጣ አብሮት ይሞታል። ሎግኢንሲቲኤል ላይ ኢኔብል ሊንገር የሚል አለ። ለየሰዉ አንድ ጊዜ በለው፣ ይገላግልሃል።

ወረፋውን ግን ከካሹ ጋር አታስቀምጠው። ምክንያቱም ሴለሪ የሚጠብቁትን ሥራዎች በሙሉ የሚያኖረው በአንድ ቁልፍ ሥር፣ እንደ አንድ ዝርዝር ነው። ኦልኪስ ኤልአርዩ ያልከው ሬዲስ ሲሞላ ቁልፍ ነው የሚጥለው። ዕጣው እሱ ላይ ከወጣ የሚሄደው አንድ ሥራ አይደለም፤ ወረፋው በሙሉ ነው። ለወረፋ ሌላ ትንሽ ሬዲስ አስነሳ፤ ፖሊሲውን አትንካው፣ ሲሞላ በኤረር ይጩህ። እዚህ ጋ ጩኸቱ ይጠቅምሃል።

«አይ፣ አንድ ብቻ ነው የተፈቀደልን» ካልክ ከ2020 ወዲህ፣ ማለትም ከሬዲስ 6 ጀምሮ ኤሲኤል አለ። ለእያንዳንዱ ሰው ዩዘርና ፓስወርድ ትሰጣለህ፣ በተወሰነ ፕሪፊክስ (መነሻ ቃል) የሚጀምሩ ቁልፎችን ብቻ እንዲነካም ታስረዋለህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨርሻለሁ ብሎ ይተኛል። ፍለሽኦል እኮ የቁልፍ ስም አይቀበልም! ስለዚህ የፕሪፊክሱ እስር አይነካውም፤ ልጁ አሁንም የሁላችሁንም መጥረግ ይችላል። ዴንጀረስ የሚባለውን የትዕዛዝ ምድብ በሙሉ መከልከል አለብህ። እሱን ስትከለክል ደግሞ ኢንፎ የሚለው ትዕዛዝም አብሮ ይሄዳል፤ አንዳንድ ላይብረሪዎች ሲነሱ እሱን ስለሚጠይቁ ኢንፎን ለብቻው መልስላቸው። ስካን ያለ ሰው የሌሎቻችሁን ቁልፎች ስም ማየቱም አይቀርም። ፕሪፊክሱን ፕሮግራሙ ውስጥም መሙላት አለባችሁ፤ ጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) ለምሳሌ ቁልፉን የሚሠራው ፕሪፊክሱን፣ የቨርዥን ቁጥሩንና አንተ የሰጠኸውን ስም በሁለት ነጥብ አያይዞ ነው፣ ፕሪፊክሱ ካልተሞላ ደግሞ ባዶ ነው። ሁለት ሰው ባዶውን ከተወው ያንዱ ዋና ገጽ ለሌላው ይመጣለታል። ይህን ሁሉ ጣጣ ካየህ በኋላ የስድስቱ ሶኬት ነገር የቀለለ አይመስልህም?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ካልተስማማህ ተወው። ከስድስታችሁ መካከል ካሽ ላይ የሚሠራው ስንት ነው? ሌላው ሰው ቴምፕሌት እያስተካከለ «ለምንድን ነው የማይቀየረው?» እያለ ገጹን አሥር ጊዜ የሚጠራው በካሹ ምክንያት ነው። ጃንጎ ምንም የማያስቀምጥ ዱሚ ካሽ አለው፤ ላራቬል (የፒኤችፒው ፍሬምወርክ) ደግሞ አሬይ የሚባል፣ ገጹ ተሠርቶ ሲያበቃ የሚረሳ አለው። ለዕለት ሥራ እሱን አድርጉና፣ ሬዲሱን የሚፈልግ ሰው በራሱ ሴቲንግ ያብራው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እኔ የምጠቀመው ሜምካሽድ ነው፣ እንደ ሬዲስ ለካሽ የሚሆን ሌላ ፕሮግራም። የከተሞችን ዝርዝር ብዙም ስለማይቀየር ለ31 ቀን እንዲቆይ አስቀመጥኩት። ሴት በሚለው ትዕዛዝ አስቀምጬ ወዲያው ጌት ብዬ ሳነበው የለም! 7 ቀን ስሰጠው ይሠራል። ልብ ወለድ እየነገርኩህ እንዳይመስልህ፣ አሥር ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ብቻ 7 ቀን የሰጠሁትም 7 ቀን አይቆይም።

መልስ፦ አምኜሻለሁ እህቴ፣ እኔንም ሸውዶኛል። ሜምካሽድ የምትሰጪውን ቁጥር የሚያነበው በሁለት ዓይነት ነው። እስከ 30 ቀን፣ ማለትም እስከ 2,592,000 ሰከንድ ድረስ ከሆነ «ከአሁን ጀምሮ ይህን ያህል» ብሎ ይቆጥረዋል። ከዚያ ካለፈ ግን «ይሄማ ቀን መሆን አለበት» ብሎ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ይቆጥረዋል። ያንቺ 31 ቀን 2,678,400 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሜምካሽድ የገባው ነገር «ይህ ዝርዝር ፌብሯሪ 1 ቀን 1970 ላይ ጊዜው ያልፋል» የሚል ነው። አለፈ እንግዲህ፣ ከስንት ዓመት በፊት።

ወይ ከ30 ቀን በታች አድርጊው፣ ወይ የዛሬውን የዩኒክስ ሰዓት ወስደሽ 31 ቀኑን ደምረሽ ሙሉውን ቁጥር ስጪው። አንዳንድ ላይብረሪ ይህን ራሱ ያስተካክላል፤ አንቺ በቀጥታ እያወራሽው ነው መሰለኝ።

7 ቀን አለመቆየቱ ሌላ ጉዳይ ነው። የሰጠሽው ጊዜ «ከዚህ አይበልጥም» ማለት ነው እንጂ «ይህን ያህል ይቆያል» ማለት አይደለም። ሜምካሽድ ካልነገርሽው የሚይዘው 64 ሜጋ ብቻ ነው። ከሌሎች ጋር የምትጋሪው ከሆነ እነሱ ሲሞሉት ያንቺ ይወጣል። እሱ ደግሞ የዳታቤዝ ቁጥር እንኳ የለውም፣ ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ ነው። አንዱ ፍለሽ ኦል ሲል የሁሉም ይሄዳል፣ ዳግመኛ ተመልሰን እዚያው። የራስሽን በሌላ ፖርት አስነሺ፣ 11211 ላይ የጋራው ይቆይ፤ ሜሞሪውንም ከፍ አድርጊለት። ሎካልሆስት ላይ ብቻ እንዲሰማም አድርጊው። ፌብሯሪ 2018 ላይ ጊትሀብን በሰከንድ 1.35 ቴራቢት ያጥለቀለቀው ጥቃት የመጣው ኢንተርኔት ላይ ክፍት ከተተዉ የሰው ሜምካሽድ ሰርቨሮች ነበር።

ጥያቄ፦ ሰላም ልጄ። በዕድሜ ገፋ ያልኩ፣ የቴክኒክ ክፍል የምመራ ሰው ነኝ። ልጆቹ የሚለማመዱበት ሰርቨር ላይ ሬዲስ በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ለብቻው የታጠረ ክፍል ውስጥ በሚያስነሳው) አስነሥተዋል። ፋየርዎሉን እኔ ራሴ ነኝ የዘጋሁት፣ በዩኤፍደብሊዩ፤ የሬዲሱ ፖርት 6379 ዝግ ነው። ትናንት ግን ሬዲሱ ውስጥ ባክአፕ1፣ ባክአፕ2 እየተባሉ የሚቀጥሉ፣ ማንም አስቀመጥኩ ያላላቸው ቁልፎች አየሁ። ውስጣቸው ኮከብ ኮከብ የበዛበት መስመር አለ። ምንድን ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይህን እንዳነበቡ መጀመሪያ ኮንቴይነሩን ያቁሙት። ኮከቦቹ የክሮን (ሊኑክስ ላይ ሥራን በየሰዓቱ የሚያስነሳው) መስመር ናቸው፤ «በየጥቂት ደቂቃው ይህን ፋይል ከኢንተርኔት አውርደህ አስነሳ» የሚሉ። የሰውን ሰርቨር ሰብረው ክሪፕቶ የሚያስቆፍሩ ሰዎች የተለመደ ሥራ ነው። አካሄዳቸው ቀላል ነው፦ ቁልፉን ይጽፋሉ፣ ከዚያ ሬዲስ ፋይሉን የሚያስቀምጥበትን ፎልደር ወደ ክሮን ፎልደር ይቀይሩና ሴቭ ይላሉ። ከሬዲስ 7 ወዲህ ያን ፎልደር በርቀት መቀየር ካልተፈቀደ በስተቀር አይቻልም፣ ስለዚህ የልጆቹን ቨርዥን ይመልከቱ።

ፋየርዎሉን በትክክል ዘግተውታል። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ዶከር ፖርት አውጣልኝ ሲባል የራሱን ሕግ በቀጥታ አይፒቴብልስ (የሊኑክስ የፋየርዎል ሕጎች ዝርዝር) ውስጥ ይጽፋል፣ የዩኤፍደብሊዩን በር ሳያንኳኳ በጎን ያልፋል። ዩኤፍደብሊዩም ሲጠየቅ «ዝግ ነው» ይላል። በዚያ ላይ ሬዲስ ፓስወርድ ሳይኖረው ከውጭ የመጣን ሰው እንዳያስተናግድ ከ2016 ጀምሮ ያለው ጥበቃ፣ ፕሮቴክትድ ሞድ የሚባለው፣ በዶከሩ ኢሜጅ ላይ ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

ልጆቹ 6379 ሁለት ነጥብ 6379 ብለው የጻፉትን ከፊቱ 127.0.0.1 ሁለት ነጥብ እንዲጨምሩበት ያድርጉ። ያኔ ከራሱ ከሰርቨሩ በቀር የሚደርስበት የለም፤ ከቤት የሚሠራ ልጅ ካለ በኤስኤስኤች ተነል (በተመሰጠረ መንገድ) ይግባ። ከዚያ ኮንቴይነሩ ከሰርቨሩ ጋር የሚጋራው ፎልደር ካለ አንድ በአንድ ይዩት። ከሌለ የጻፉት ክሮን እዚያው ኮንቴይነር ውስጥ የቀረ ሊሆን ይችላል፣ ቢሆንም የሰርቨሩን የክሮን ፎልደርና የሩትን ኤስኤስኤች ቁልፎች ሳያዩ አይለፉት። ኮንቴይነሩን አይጠግኑት፤ ይጣሉትና አዲስ ይፍጠሩ። ካሹ ውስጥ የነበረ ሴሽንም ሆነ ቶክን ሁሉ ተነቧል ብለው ያስቡና ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ቫልኪ ወይስ ሬዲስ? አዲስ ሰርቨር እያዘጋጀሁ ነው፣ ሰው ግራ አጋባኝ።

መልስ፦ ማርች 2024 ላይ ሬዲስ ላይሰንሱን ሲቀይር ከፊሉ ሰው ከ7.2.4 ላይ ቅርንጫፍ አውጥቶ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ቫልኪን ጀመረ። ሬዲስም በ2025 ከቨርዥን 8 ጋር ኤጂፒኤልን (የኦፕን ሶርስ ላይሰንስ ነው) እንደ አማራጭ ጨምሯል። ከላይ የጻፍኳቸው ኮንፊጎች ለሁለቱም ይሠራሉ። ፕሮዳክሽን ላይ ያለው የትኛው ነው? እሱን ጫን።